በጽኑ አለት ላይ ስለተመሠረተው የእህቴ ቤት የኋላ ክፍል

“አመልካቹ ከኢንተርኔት በቃረሙት መረጃ ተነሥተው በባለሙያ የተካሄደን ጥናት ለመቃወም ዕውቀቱም ሥልጣኑም የላቸውም። የተጠቀሰው ኮረብታ በጽኑ አለት ላይ የተመሠረተና ለመኖሪያ የተመቸ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለሆነም አቤቱታው ተዘግቷል።”

ለተከበሩ የመሬት ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ከወንበርዎ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ እንደምን ከረሙ? ግድግዳዎ ዘወትር ቀጥ ብሎ እንዲኖርልዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ያዘመመ ግድግዳ ምን እንደሚመስል ካየሁ ወዲህ ለጠላቴም አልመኘውም። ከላይ የሰፈሩት ሦስት ዓረፍተ ነገሮች የእርስዎ ናቸው። ሳላዛባ የገለበጥኋቸው በማተሚያ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት አራሚ ሆኜ በመሥራቴ የሰው ቃል መለወጥ ስለማይሆንልኝ ነው። ደግሞም ጽሕፈት ቤትዎ የሰው ጽሑፍ መገልበጥን እንደማይጠየፍ ደርሼበታለሁ፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ታላቅ እህቴ ከኮረብታው ግርጌ ብቻዋን የምትኖር፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ያለፈው ክረምት ዝናብ ሲያባራ በኋላ ክፍሏ፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርስ ስንጥቅ አገኘን። አቤቱታዬ ይኸው ነበር። እርስዎም ዘጉልኝ፤ ስንጥቁ ግን እስካሁን አልተዘጋም።

1ኛ. ስለ ዕውቀቴ። እንዳሉት ቃርሜአለሁ። በዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ታሪክ ስለሆነ ስለ አፈርና ስለ ድንጋይ የማውቀው ነገር አልነበረም። ስለዚህ ስምንት ወር ሙሉ፣ ከሥራ ስመለስ፣ በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጡ የሥነ ምድር ትምህርቶችን አንድ በአንድ ተከታተልሁ። ከሳተላይት የተነሡ የአሥር ዓመት ሥዕሎችን ጎን ለጎን አስቀምጬ የኮረብታው ጫፍ ወደ ቤቶቹ እንዴት እንደተንፏቀቀ አየሁ። የዛፎች ግንድ ከሥሩ እንደ ከዘራ ሲቆለመም አፈሩ ቀስ እያለ እየወረደ ሊሆን እንደሚችል ተማርሁ፤ ወጥቼ ባይ ሰባት ዛፎች ተቆልምመዋል። የኮረብታውን አፈር በውሃ አርሼ በመዳፌ ባሽከረክረው ሳይበጠስ እንደ ክር ተሳበልኝ። እንዲህ የሚሳብ አፈር ሸክላ ነው፤ አለት በመዳፍ ሲሳብ እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እርስዎን አጋጥሞዎት ከሆነ ቢያሳዩኝ ወረታዎን አልረሳም።

በስንጥቁ ላይ ሦስት ቀጫጭን መስታወቶች አጣበቅን። መሬቱ ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፤ የዘዴው ምሥጢር ይኸው ብቻ ነው። ያጣበቀልኝ ጎረቤታችን ግንበኛው ነው፤ ውሃ ልኩ ከኪሱ ስለማይለይ ሰፈሩ “ውሃ ልክ” ብሎ ይጠራዋል፤ እኔን ደግሞ እሱ “ፕሮፌሰር” እያለ ያሾፍብኛል። የመጀመሪያው መስታወት በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሲሰበር ግን ማሾፉን ተወ። ውሃ ልኩን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ሲያበቃ ስሙ እንደጠፋ ሰው ፊቱ ጠቆረ። “ይኼን ግድግዳ ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ፕሮፌሰር” አለኝ። “ያኔ ቀጥ ያለ ነበር። የሄደው ከሥሩ ያለው ነው።” ሁለተኛው በሠላሳ ሦስተኛው ቀን ተሰበረ። ሦስተኛው ይህን እስከምጽፍ ድረስ አልተሰበረም።

2ኛ. ስለ ጉብኝቱ። ባለሙያ ስለላኩልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ትሁት ወጣት ነበሩ፤ ጫማቸውን ጭቃ እንዳይነካባቸው ከኮረብታው በኩል ባለመምጣታቸው ላመሰግናቸው እወዳለሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ቆዩ፤ ከእነዚህም ውስጥ ስድስቱ እህቴ የቀዳችላቸውን ሻይ ሲጠጡ ያለፉ ናቸው። ቁም ሣጥኑን እንድናነሣላቸው ብንጠይቃቸው አታስቸግሩ ብለው ከለከሉን፤ በምትኩ ባለፈው ዓመት የተቀባውን የፊት ለፊት ግድግዳ ፎቶ አነሡ። ያ ፎቶ ዛሬ በጥናቱ አራተኛ ገጽ ላይ “ስንጥቅ ያልታየበት ግድግዳ” የሚል መግለጫ ይዞ ይገኛል። እውነት ነው፤ እዚያ ስንጥቅ አልታየም። ጥርሱን የታመመ ሰው ጉልበቱን ቢያዩለት ጤነኛ መሆኑ አይቀርም።

ሊሄዱ ሲሉ እህቴ አንድ ነገር ጠየቀቻቸው። ከስንጥቁ ወዲህ በእኔ ውትወታ አልጋዋን ወደ ሳሎን አውጥታ ነበርና፣ የት መተኛት እንደሚሻላት ነበር የጠየቀችው። “እናቴ፣ ክፍልዎ ገብተው በሰላም ይተኙ። አለት ነው” አሏት።

3ኛ. ስለ ጥናቱ። አሥራ አራት ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ገጾች ሳነብ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ አርባ አንድ የፊደል ግድፈት ለቀምሁ። ከስድስተኛው ገጽ ጀምሮ ግን ግድፈቱ ባንድ ጊዜ ጠፋ፤ ዓረፍተ ነገሩ ለዘበ፤ ኮረብታውም ተለወጠ። “ከባሕሩ ዳርቻ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው ይህ ኮረብታ” ይላል። ክቡር ሆይ፣ እህቴ እዚያ ቤት ሠላሳ ዓመት ስትኖር ባሕር አይታ አታውቅም።

ዘጠነኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሁሉ ነገር ተገለጠልኝ። “ተማሪዎች፣ ይህን ድንጋይ በእጃችሁ ስትይዙ ምን ይሰማችኋል?” ይላል። ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። እኔ ራሴ ከተማርሁበት ድረ ገጽ፣ ዕድሜያቸው አሥራ አራት ዓመት ለሆነ ልጆች ከተዘጋጀው፣ ከሦስተኛው ትምህርት የተወሰደ ነው። ባለሙያዎ ተርጉመው፣ የሌላ አገር ኮረብታን ከነባሕሩ አምጥተው እህቴ ጓሮ አስቀምጠውታል።

ስለዚህ እርስዎና እኔ ከአንድ ማሳ ነው የቃረምነው። ልዩነታችን ትንሽ ናት፦ እኔ እስከ መጨረሻው አነበብሁ። ሦስተኛው ትምህርት ስለ ጽኑ አለት ነው፤ ስለሚንሸራተት የሸክላ ተዳፋት የሚያስተምረው አራተኛው ነው። ጽሕፈት ቤትዎ እዚያ ሳይደርስ ደክሞት ተቀመጠ።

የጥናቱ አሥራ ሦስተኛ ገጽ ደግሞ እንዲህ ሲል ያበቃል፦ “ጥያቄ አራት። እንዲህ ያለው ኮረብታ ከአለት ሳይሆን ከሸክላ የተሠራ ቢሆን፣ ብዙ ዝናብ ሲዘንብበት ምን ይሆናል? መልሱን በሚቀጥለው ገጽ ይመልከቱ።” በጉጉት ገለበጥሁ። በሚቀጥለው ገጽ ያለው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ነው።

4ኛ. ስለምለምነው ነገር። ባለሙያው እንዲቀጡልኝ አልፈልግም፤ የድጋፍ ግንብ እንዲሠራልንም ለጊዜው አልጠየቅሁም፤ ይቅርታም ቢሆን ለሌላ ጊዜ ይቆየን። የምፈልገው አንድ ወረቀት ነው።

እህቴ አርባ ዓመት በሠራችበት ሆስፒታል ሐኪም ያልፈረመበትን ክኒን ለማንም ሰጥታ አታውቅም፤ ብዙ ሰው በዚህ ጠባይዋ ድኗል። ደብዳቤዎ በደረሳት ማግሥት አልጋዋን ወደ ኋላ ክፍል መለሰች፤ ራስጌዋን ወደ ስንጥቁ አድርጋ። ለመንኋት፤ የሳተላይቱን ሥዕል አሳየኋት፤ የተሰበሩትን መስታወቶች እጇ ላይ አኖርሁ። ከእኔ ቤት አንድ ክፍል አስለቅቄ፣ ቁልፉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥሁላት። ቁልፉን በጥንቃቄ ወደ እኔ ገፋ አደረገችውና “ወንድምዓለም፣ አንተ እንደምትወደኝ አውቃለሁ” አለችኝ፤ “የፈረሙት ግን እነሱ ናቸው።”

ተቆጣሁ፤ ተቆጥቼም ወጣሁ፤ እስካሁንም እንደተቆጣሁ ነኝ። በእሷ ግን አልፈርድም፤ ሲያሳድጓት ፊርማ ማለት አንድ ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ ኃላፊነት ወስዷል ማለት ነው ብለው ነግረዋታል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እህቴን ከዚያ ክፍል ሊያወጣት የሚችል ሰው በዚህች ምድር ላይ እርስዎ ብቻ ነዎት። አንድ መስመር ይበቃል፦ “ጥናቱ የተካሄደው በዚህ ኮረብታ ላይ አይደለም፤ ነዋሪዎቹ ለጊዜው ይውጡ።” ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው ጎን ማኅተም። ግድፈት ቢኖርበት በነጻ አርምልዎታለሁ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና፣ ያኔ ባይደክሙ እመርጣለሁ።

ለውድ ጊዜዎ፣ ለባለሙያዎ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ እንዲሁም ከሩቅ አገር ድረስ ላስመጡልን ጽኑ አለት ያለኝን ጥልቅ ምስጋና እየገለጽሁ፣

ዕውቀቱም ሥልጣኑም የሌለኝ፣
የነርሷ ታናሽ ወንድም

ማስታወሻ፦ የድረ ገጹን አድራሻ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አራተኛው ትምህርት ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፤ ክፍያ የለውም፤ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ሁሉ ሊከታተለው ይችላል። የጥያቄ አራትንም መልስ እዚያ ያገኙታል። እኔ ካወቅሁት ቆይቻለሁ። እህቴ ግን የምትጠብቀው ከእርስዎ ነው፤ በጽሑፍ፣ በማኅተም፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ እስከ ግንቦት 23 ቀን።