የማይተነፍሰው ግድግዳ

እንደ እናት ላሳደግሽኝ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እንቅልፍ ይወስድሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ፤ ደህና ነኝ ብልሽ ግን ውሸት ነው።

ባለፈው ደብዳቤሽ አባ ኩይሳን እግዜር የእጁን ይስጠው ብለሽ ረግመሽዋል። ልጅሽ ጫማ ፋብሪካው ማስቲሽ ክፍል ውስጥ ታፍና ስትሞት፣ ግድግዳው የእሱ ነው ተብሎ ስለታሰረ አልፈርድብሽም። የረገምሽው ግን ያላጠፋውን ነው።

ስለ ሥራችን በደንብ አጫውቼሽ አላውቅም። አለቃችንን አባ ኩይሳ ያልነው ዕድሜውን ሙሉ ምስጥ ሲያጠና ስለኖረ ነው። ኩይሳ ላዩ ድፍን ይምሰል እንጂ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ይተነፍሳል ይለን ነበር። የቡድናችን መሐንዲስ በዚያው መላ፣ መብራት ቢጠፋም የማስቲሹን ሽታ የሚያስወጣ ግድግዳ አሰላ። የእኔ የዲዛይነሯ ድርሻ ደግሞ የምስጧን ብልሃት ሰው ውሎ ለሚገባበት ክፍል ማስማማት ነው። ሲቀልዱብኝ ሽማግሌዋ ይሉኛል፤ ምስጥና መሐንዲስ አስታራቂ ማለታቸው ነው።

ግድግዳው ሲያልቅ አስጠላኝ። ሻካራ ነው፣ የእጅ እድፍ ይይዛል፤ ጎብኚዎች ሊመጡ ደግሞ ሁለት ቀን ቀርቷል። የሚታጠብ፣ የሚያብረቀርቅ ቀለም መርጬ አስቀባሁት። ደንባችን አስቀድሞ ቁራሽ ጡብ ቀብቶ፣ ጢስ ያሳልፍ እንደሆነ መፈተን ነበር። አባ ኩይሳ ፈትነሽዋል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ጡቡ ቀለም ሳይነካው ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ነበር። አምኖኝ ፈረመ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን አይለቀምም።

ልጅሽ አክስቴ ናት ያሳመረችው እያለች ለጓደኞቿ ታወራ ነበር አሉ። በሳምንቱ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያዎቹ ቆሙ። ሴቶቹ ግድግዳው አለ ብለው ሥራቸውን ቀጠሉ። ቀዳዳዎቹን ግን ያስቀባሁት ቀለም ደፍኗቸው ነበር። ሌሎቹን ጎትተው ሲያወጧቸው ነፍስ ነበራቸው። የእሷ ወንበር ከበሩ በጣም የራቀው ነው።

በቀብሯ ዕለት ትከሻዬ ላይ ተደግፈሽ ስታለቅሺ ጉዴን በሆዴ ይዤ ቆምኩ። አባ ኩይሳ እስከ ዛሬ ስሜን አልጠራም፤ ፊርማው የእኔ ነው ብቻ ይላል አሉ። እንዲህ ያለ ሰው ነው።

የቤቴን ቁልፍ ለጎረቤቴ ሰጥቻለሁ፤ እኔ ዘንድ ያለውን ዕቃሽን በፈለግሽ ጊዜ አስወስጂ። ሰኞ ጠዋት አባ ኩይሳ የታሰረበት ቦታ ሄጄ እጄን እሰጣለሁ። ብትችዪ ለሚስቱ አንድ ደግ ቃል ላኪላት።

አምላክ ጽናቱን ይስጥሽ፣ እንባሽን ያብስልሽ። ለእኔ ስንቅ እንዳታመጪልኝ።

ታናሽሽ