«የማን ልጅ ነሽ» መባል ቀረ

ሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት 4 ሰዓት

ዛሬም ፋይል። የጥበቃ ኤጀንሲዎች ማህደር እስከ አገጬ ተከምሯል። ቬንቲሌተሩ ይንጫጫል እንጂ ነፋስ የለውም። ሁሉም የአዲሱ መመሪያ ጣጣ ነው፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ፈተና ያላለፈ ጥበቃ በር ላይ አይቆምም፤ ያቆመው ኤጀንሲ ደግሞ ፈቃዱ አይታደስም። የወደቀ ሁሉ ቅሬታውን ይዞ እኔ ጋ ይመጣል። የኔን ቅሬታ ማን ይስማ? አንቺው ነሻ፣ ደብተሬ።

አንዱን ፋይል ገለጥኩ፤ ክው አልኩ። ፎቶው! አባ ዩያ! በልጅነቴ እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር የባቡር ሠራተኞች ግቢ በር ላይ የነበረው ዘበኛችን። አሁን ቀፊራ ገበያ አጠገብ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። እኔኮ ሞቷል ብዬ ነበር፤ ምላሴን ይቁረጠው።

የጣለው የቃል ፈተናው ነው። የማታውቀው ሰው በሩ ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ምን ትጠይቀዋለህ? የሱ መልስ፦ «የማን ልጅ ነህ?» ከሥሩ በቀይ፦ «የሰው ብሔር ይጠይቃል። ብቁ አይደለም።»

ሳቄ መጣ። ደግሜ ሳነበው ግን አላሳቀኝም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5። ከቀኑ 7 ሰዓት

በሙቀቱ ከተማው ተኝቷል። ሱቁ ሁሉ ዝግ። እኔ ቢሮ ተቀምጬ ልቤ ግቢያችን ነው።

በዚህ ሰዓት ነበር የምንወጣው። ትልልቆቹ ሲያሸልቡ እኛ ሹልክ፣ ወደ ደረቁ ወንዝ። አባ ዩያ በሩ ላይ፣ ሽርጡን አገልድሞ። ቆይ አንቺ፣ የማን ልጅ ነሽ? ማን እንደሆንኩ ያውቃል እኮ! መልሱስ መች ብሔር ነበር? የመካኒኩ፣ የሳምቡሳዋ፣ የዚያ የሚያነክሰው ልጅ፤ በቃ። አንድ ቀን ቅጣት ፈርቼ የጎረቤታችን የፋጡማ ልጅ ነኝ ብዬ ዋሸሁ። እጄን ይዞ ቀጥታ ፋጡማ ቤት። እሷም አላሳፈረችኝም፤ አዎ የኔ ናት አለች። ጭኔን ቆነጠጠችኝ፣ ሩዝ አበላችኝ፣ ከልጆቿ ጋር አስተኛችኝ። እናቴ ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች።

አቦ፣ ያ ጊዜ የት ሄደ? ናፈቀኝ። አንጀቴ ድረስ ናፈቀኝ።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ፈታኙን አስጠራሁት። ኤልያስ ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ። ልቆጣው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ተቆጣሁም። ድሬ ተወልደህ ይቺ ትጠፋሃለች ወይ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ስለ ወንድሙ ነገረኝ። ሹፌር ነው። ሩቅ መንገድ ላይ ያስቆሙት ሰዎች የጠየቁት ይህንኑ ነበር፤ የማን ልጅ ነህ። መልሱ አልጣማቸውም። አሁን በአንድ ጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው።

ወንበር ሳብኩለት፤ ፋይሉን ከደንኩት።

አለቃዬ ደግሞ፣ ፈርሚና አሳልፊው፣ አንድ ሽማግሌ ነው፣ ማን ያያል ይላል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ነገ አንድ የቀን ሠራተኛ እዚያ በር ላይ በዚያች ጥያቄ ቢደነግጥስ? አልፈረምኩም። ካልፈረምኩ ደግሞ አባ ዩያ ከዚህ ወር በኋላ ሥራ የለውም። በዚህ ዕድሜው ማን ይቀጥረዋል? ተናድጃለሁ፤ በማን እንደሆነ ግን እንጃ።

መመሪያው አንድ ድጋሚ ፈተና ይፈቅዳል። ሄጄ ራሴ እነግረዋለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

በባጃጅ ቀፊራ። አወቀኝ! ከበርበሬው ተራ ማዶ ሆኖ በእጁ ጠራኝ። ጺሙን ሂና ቀብቷል። ጥላ ሥር አስቀመጠኝ፣ ውሃ ሰጠኝ። እኔም እንደ ድሮው አንተ እያልኩት። ድሬ ነዋ፣ እዚህ ማን ማንን አንቱ ይላል!

ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ። ዘር ጠየቅክ ነው የሚሉኝ? ወላሂ፣ ሰውየው ቢታመም ቢጠፋ ለማን ቤት እንደምነግር ለማወቅ ነው እንጂ አለ። የኤልያስን ወንድም ስነግረው ሳቁን ተወው። አንድ ነገር ትዝ አለው። አምና አንድን ወጣት ጫኝ የማን ልጅ ነህ ብሎት ነበር፤ ልጁ ሳይመልስለት ኮፍያውን አንስቶ ሄደ፤ በማግስቱም አልመጣ። ያኔ ስድ ብሎ ሰድቦታል።

«ፈርቶኝ ነው ለካ» አለ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ዱንያ! እኔን ፈርቶ!»

ምነው ያን ፊት ባላየሁ። እፈተናለሁ ብሎኛል።

ዓርብ፣ ግንቦት 22

አለፈ! የፈተነው ራሱ ኤልያስ ነው። መልሱ፦ መታወቂያ እጠይቃለሁ። ሌላስ? ሌላ የለም። ሙሉ ነጥብ።

ደስ ብሎኛል። የብቃት ወረቀቱን በእጄ ነው የፈረምኩት። ግን ከቀብር እንደተመለሰ ሰው እጄን መታጠብ አማረኝ። ምን ነካኝ?

ሰኞ፣ ግንቦት 25። ከቀኑ 11 ሰዓት

የቁጥጥር ዙር ነበር። ሦስተኛው መጋዘን የአባ ዩያ። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ አንገቱ ላይ ባጅ፤ ሸሚዙ ሰፍቶታል። ኤልያስና የኤጀንሲው ሰው ከኋላዬ ቆመዋል። ፈገግ ብዬ ተጠጋሁ። እጁን ዘረጋ።

«መታወቂያዎን ያሳዩኝ።»

መታወቂያዎን! እኔን!

ሰጠሁት። ከዓይኑ ራቅ አድርጎ አነበበ፤ ስሜን፣ ከዚያ የአባቴን ስም። እዚያ ላይ ጣቱ ቆየ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አልጠየቀም። በሁለት እጁ መለሰልኝ። ይግቡ አለ።

ቅጹ ላይ «በመመሪያው መሠረት» ብዬ ሞላሁ። እውነት ነው። ባጃጅ ውስጥ ግን አለቀስኩ፤ ሹፌሩ ሰው ሞቶብሽ ነው ወይ አለኝ።

ስሚ ደብተሬ፣ ወስኛለሁ። መመሪያውን ዛሬ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። የሚከለክለው ጥበቃው እንዳይጠይቅ ነው። የመጣው ሰው ሳይጠየቅ እንዳይናገር የሚል አንቀጽ የለም። ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ያለ ፋይል፣ ያለ ኤልያስ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ። መታወቂያዬን አሳየዋለሁ። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆሜ፣ ጫኙም ጋሪ ነጂውም እየሰማ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩ እነግረዋለሁ።