የሊቀመንበሩ የምግብ ዝርዝር

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት
ከወፍ ሐኪም ቤት፣ መተላለፊያው ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር

ለውዷ የልጄ እናት፣

በቤታችን ካሮት መከተፉ ቀርቶ መፈቅፈቅ መጀመሩን በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ። ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነው የጸደቀው። ድምፅ ሰጪዎቹ እኔና በቀቀናችን ሊቀመንበሩ ብቻ ነበርን፤ እሱም በሰዓቱ አፉ ሙሉ ስለነበር ዝምታው እንደ ድጋፍ ተቆጥሯል።

እንዴት ሰነበትሽ? ልጃችንስ? ስልክ ባነሳች ቁጥር «እማዬ ተኝታለች» ትለኛለች። በእኩለ ቀን የምትተኚ ሰው እንዳልሆንሽ ሠላሳ አራት ዓመት አብሬሽ ኖሬ አውቃለሁ፤ ግን አላረምኳትም። ይህን እንደ መሻሻል መዝግቢልኝ። «ስናገር ታርመኛለህ፣ ስጽፍ ታርመኛለህ፣ ዝም ስል ደግሞ አራት ነጥብ ትጨምርልኛለህ» ብለሽ ለአንድ ሳምንት ልጃችን ቤት የሄድሽው ይኸው ሁለት ወር ከአሥር ቀን ሆነሽ። ምን ላድርግ፣ ሠላሳ ዓመት በጋዜጣ ቤት የእርማት ዓምድ ላይ ተጥዶ የኖረ ሰው እጁ አያርፍም።

አሁን ግን የምጽፍልሽ ለሌላ ነው። ሊቀመንበሩ ታሟል። ከፊት ለፊቴ ካለው በር ጀርባ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ኦክስጅን እየተሰጠው ነው። ሐኪሟ እስከ ነገ ጠዋት ከቆየ ይተርፋል ብላለች። ስልክ ስለማታነሺልኝ ይህን ወረቀት ፎቶ አንስቼ በልጃችን ስልክ እልክልሻለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ከሄድሽ በኋላ ስድስት ሳምንት ሙሉ የሱፍ ፍሬ ብቻ ነው ያበላሁት። ከረጢቱን መቅደድ፣ ሳህኑ ላይ መገልበጥ፣ በቃ። እሱም ደስ አለው፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ሁለታችንም ወፈርን። ላባው ደብዝዞ ደረቱን መንጨት ሲጀምር ወደዚህች ሐኪም አመጣሁት። ገና ወጣት ናት፣ ምላሷ ግን ምላጭ ነው። ሚዛን ላይ አስቀምጣው፣ ቀጥላ የእኔን ቦርጭ አየት አድርጋ፣ ጉበቱ ስብ እንደሠራ፣ ወፍን በፍሬ ብቻ ማኖር ልጅን በብስኩት እንደማሳደግ መሆኑን ነገረችኝ። ወደ ትኩስ አትክልት እንድመልሰው አዘዘች።

መለስኩት። በጠዋት፣ ርቦት ሳለ፣ ጎመን በስሱ የተከተፈ፣ ዱባ የተቀቀለ፣ ምስር ነክሬ ያበቀልኩት፣ ፓፓያ ከነፍሬው፣ ፖም ግን ፍሬው ወጥቶ። ጨው የለ፣ ዘይት የለ። የተረፈው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይነሳል፣ እንዳይበላሽ። ቃሪያውን እንደ ከረሜላ ይቆረጥመዋል፤ እኔ ቀምሼለት እንባዬ ዱብ ዱብ ሲል «ጎሽ» አለኝ፣ በአንቺ ድምፅ። ጎመኑን ግን መጀመሪያ ላይ አንድ በአንድ እያነሳ፣ ዓይኔን እያየ ወለሉ ላይ ይጥለው ነበር። ሐኪሟን ብጠይቃት አብሮት የሚበላ ካላየ አዲስ ነገር አይነካም አለችኝ። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ከጎኑ ተቀምጬ ጥሬ ጎመን አኘክሁለት። ከሄድሽ ወዲህ ወንበር ስቤ ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነው፤ እስከዚያ የምበላው ዕቃ ማጠቢያው አጠገብ ቆሜ ነበር።

ዛሬ ጠዋት አትክልት ሻጯ «እመቤቷ አልመጡም ወይ?» ብትለኝ «በቅርቡ ይመጣሉ» አልኳት። ደስ ብሏት አንድ የበሰለ አቮካዶ መረቀችልኝ። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን የምግቡን ዝርዝር አየሁ፤ የተውሽው ዝርዝር ስለ አቮካዶ አንድም ቃል አይልም። ስለዚህ በማንኪያ አቀረብኩለት። ወደደው፣ ማንኪያውን ሳይቀር ላሰ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ከመቆሚያው ወርዶ ጥግ ላይ ላባውን ነፍቶ ተቀመጠ፤ በተነፈሰ ቁጥር ጅራቱ ከፍ ዝቅ ይላል። በካርቶን ይዤው እየሮጥኩ መጣሁ።

«አቮካዶ?» አለች ሐኪሟ። «አባባ፣ አቮካዶ እኮ ለወፍ መርዝ ነው።»

«ዝርዝሩ ላይ የለም» አልኳት።

«የማን ዝርዝር?»

«የባለቤቴ። ከጫጩትነቱ ያሳደገችው እሷ ናት።»

ጓንቷን እያጠለቀች ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዲያው ይንገሯቸው። ሰው በእጁ ያሳደገውን እንዲህ ይረሳል?» ብላ በሩን ዘጋችው። እኔም እዚህ ተቀመጥኩ።

አሁን በበሩ መስታወት አየዋለሁ። ዓይኑን ይከድናል፣ ይገልጣል። ቅድም ገብቼ ሳናግረው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይህ ሲደርስሽ እኔን አታናግሪኝ፤ ደውዪና ዝም ብዬ ስልኩን ጆሮው አጠገብ አደርግልሻለሁ። የፈለግሽውን በይው። አልሰማም፣ ብሰማም አላርምም።

ፈጣሪ ጉልበትሽን አይንካብኝ፤ እንቅልፍሽንም የቀን ሳይሆን የሌሊት ያድርግልሽ። ልጃችንን ሳሚልኝ።

ባለቤትሽ፣
የቀድሞው የእርማት ዓምድ አዘጋጅ

እርማት

ከላይ «የተውሽው ዝርዝር ስለ አቮካዶ አንድም ቃል አይልም» ተብሎ የተጻፈው ስህተት ነው። ባለቤቴ የተወችው ዝርዝር አንድ ገጽ ተኩል ሲሆን፣ በመጨረሻው መስመር ላይ «አቮካዶ እንዳታስነካው፣ ይገድለዋል» ይል ነበር፤ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ፍሪጁ ላይ ያለው፣ በሄደች ማግስት የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ «ረዝሟል» ብሎ በአንድ ገጽ አሳጥሮ የገለበጠው ነው። የመጨረሻውንም መስመር ቦታ አልበቃ ሲለው ያወጣው እሱ ነው። ይኸው እርማት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ለሐኪሟ በቃል ተነግሯታል። በዓምዱ ልማድ «አንባቢዎቻችንን ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባል ነበር፤ አንባቢዋ ግን አንድ ናት፣ ይቅርታ የምጠይቃትም እኔ ነኝ።