አባትህን ሁለት ጊዜ ሸኘሁት

ልጄ ሱመን፣ በዶሃ ፀሐይ ጌታ ራሱ ጥላ ይሁንልህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ፍየሏም መንታ ወልዳለች። ዝናቡ ግን ስለዘገየ የሩዙ ችግኝ ቢጫ ሆኗል።

ሂንዱው መንደራችን ጥፋቱን በአባትህ ላይ አላከከ። ዕድሜውን ወንጌል የሰበከ ሰው በበቆሎ ማሳችን ስለተቀበረ አማልክቱ ተቆጡ አሉ። ሐሙስ ዕለት ሊቀመንበሩ ቴክናት አካፋ ከያዙ ሰዎች ጋር መጣ። አንደኛ ክፍል ያስተማርኩት ልጅ ነው።

«እትዬ መምህርት፣ አስከሬናቸውን አውጥተን እንደ ሂንዱ ደንብ ወንዝ ዳር እናቃጥላቸው። እምቢ ካሉ ቤትዎንም ከነዚህ ሰዎች አላስጥልልዎትም።»

«ቴክናት፣ ልጅ ሆነህም ስታጠፋ ዓይኔን አታይም ነበር» አልኩት። አንገቱን ደፋ፤ ሰዎቹ ግን መቆፈር ጀመሩ።

አውጥተው ወንዝ ዳር እንጨት ላይ አጋደሙት። በደንባቸው እሳቱን መለኮስ የወንድ ልጅ ድርሻ ነው፤ አንተ ሩቅ ነህ። ለእነርሱ አልተውም ብዬ እኔው ለኮስኩት። የሚወደውንም መዝሙር ሳልዘል፣ ከነአዝማቹ ዘመርኩለት። ዝናቡ እስካሁን አልመጣም።

ተናደህ እንዳትመጣ፤ ምሳህንም አትዝለል። የእኔ ቀን ሲደርስ የመቃብር መሬት ብለህ ማንንም አትለምን። አቃጥለኝ፤ ጌታ አመዴንም ያውቀዋል። ክብሪቱን የምትጭረው ግን አንተ ሁን። እስከዚያ ዕድሜህን ያርዝምልኝ።

እናትህ ዲልማያ