የአጥንት ፎቶግራፍ

ጥር 14 ቀን 1921 ዓ.ም.

ነፋስ ብቻ ዋለ። አዳማ አቧራ ውስጥ ገብታ፣ ከስልክ ቤቱ መስኮት ባቡር ጣቢያው እንኳ አልታይ አለኝ። ከሞጆ ሁለት ጊዜ፣ ከአዋሽ አንድ ጊዜ ተደወለ። ሌላ ወሬ የለም።

ጣቶቼ እስከ ሦስት ሰዓት አልተፈቱም። ዲንቄ እንደ ልማዷ ሙቅ ውሃ በገበቴ አቅርባ፣ እጄን ነክራ፣ በቅቤ እያሸች አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው። ለየጣቱ ስም አውጥታለታለች። አውራ ጣቴ «ሹሙ» ነው፤ ትንሿ «አኩራፊዋ»። «ተመስገን፣ አኩራፊዋ ዛሬ ቶሎ ታረቀች» አለች። ሠላሳ ስምንት ዓመት የሞላው ባል ይዛ እንዲህ ትጫወታለች... ስቄ ወጣሁ።

ዘግይቼ ደረስኩ። የስልክ ቤቱ ሹም ባላምባራስ አብተው በሩ ላይ ቆመው ነበር። ሰዓታቸውን ብቻ አይተው ገቡ።

ጥር 17 ቀን

ዛሬ ግን ተናገሩ።

ጠዋት አዲስ አበባን ለመጥራት የስልኩን መዘውር ማዞር አቃተኝ። በቀኝ ሞከርኩ፣ በግራ ሞከርኩ። በመጨረሻ በክንዴ ገፋሁት። ለካ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

«ንዋይ፣ ከሰዓት በኋላ ደኅና ሰው ነህ። የምትታመመው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው?»

«ጠዋት ይብስብኛል፣ ጌታዬ።»

«ሰዓት የሚያይ በሽታ ደግሞ የትኛው ነው?»

ስድስት ዓመት ሙሉ እኔም ራሴን የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ጉልበቴ ያብጣል፤ ለሰው ላሳይ ስል ጎድሎ ይጠብቀኛል። ቁርጥማት ነው ይሉኛል። ቁርጥማት ደግሞ የሽማግሌ ነው ይላሉ...

ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «አዲስ አበባ የፈረንጅ ሐኪም ቤት አጥንት የሚያነሣ ፎቶግራፍ አለ አሉ። ሂድና ተነሣ። የታመመ አጥንት ካለህ አይቼ አምናለሁ። ከሌለህ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ስልከኛ እፈልጋለሁ።»

በክፋት አልመሰለኝም። ስልኩ መነሣት አለበት። እሱ እውነታቸው ነው።

ለዲንቄ ፎቶግራፉን ነገርኳት። ፋሲካውን አልነገርኳትም።

ጥር 19 ቀን፣ እሑድ

ጂብሪል መጣ። ባቡሩ ላይ ሻንጣ የሚጭነው ወዳጃችን። ጅቡቲ ሳለ ክንዱ ተሰብሮ በዚያ መሣሪያ አንሥተውታል። ጨለማ ክፍል ነው፣ የሚያጉረመርም ሳጥን አለ፣ ክንድህን ታጋድማለህ፣ አለቀ።

«ያማል?» አለች ዲንቄ።

«አያምም። ግን አጥንትህን በዓይንህ ስታየው ሞተህ የተነሣህ ይመስልሃል። እኔ ሁለት ቀን ምግብ አልበላሁም።»

«ልብም ይታያል?»

«ደረቱን ካነሡት ይታያል ይላሉ።»

«እንግዲያ ደረቱንም ያንሡልኝ። ማን እንዳለበት ልወቅ።»

ጂብሪልን ሻዩ ትን አለው። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ አፈርኩ።

ጥር 24 ቀን

ሐዲስ ቀጠሮ አስያዘልኝ። የአዲስ አበባው ስልከኛ ሐዲስ። ዘጠኝ ዓመት በሽቦ ስንነጋገር መልኩን አላውቀውም። ሐኪም ቤት ድረስ ሄዶ የታዘዘውን ሁሉ ጠይቆ፣ ዛሬ በስልክ እያነበበ አስጻፈኝ። ቀኑ የካቲት 14። ብረት ነክ ነገር በአካል ላይ እንዳይኖር። ገላ ታጥቦ መምጣት። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ቅባት የሚባል እንዳይነካ፤ ፎቶግራፉ ላይ ጥላ ይጥላል። ሲነሣም አለመንቀሳቀስ፣ ትንፋሽ እንኳ ዋጥ አድርጎ።

ቅባቱን ለዲንቄ ነገርኳት። «ስድስት ዓመት ያቆመህ ቅቤ ዛሬ ጥላ ሆነ?» አለች። ሳቀች ግን። ትንሽ ብቻ።

የካቲት 5 ቀን

ልምምድ። እጄን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ እንዳልነቃነቅ፣ እሷ እስከ ሃያ ትቆጥራለች። በኦሮምኛ ነው የምትቆጥረው፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ፣ አፉር... ሰባት ላይ ስትደርስ ፊቷን ታጣምማለች። ሦስት ጊዜ አበላሸሁ። አራተኛው ላይ ዓይኔን ጨፍኜ ደረስኩ።

ቀለበቴም አስቸገረን። ጣቴ አብጦ አላወጣ አለ። ክር ጠምጥማበት፣ ሳሙና ቀብታ፣ ቀስ እያለች ስታወጣው ግማሽ ቀን ፈጀ። አንድ ጊዜ እንኳ አላሳመመችኝም። እንዴት ነው የምታውቀው... የቱ ጋ እንደሚያም?

የካቲት 9 ቀን

ያለ ቅቤ ሦስተኛ ቀን። ክፉ ነው። መጻፍ አልቻልኩም።

የካቲት 10 ቀን

የፋሲካውን ነገርኳት። መናገሬ ካልቀረ ከመሄዳችን በፊት ይሻላል ብዬ።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ለብቻህ ስትሸከመው ሦስት ሳምንት አለፈህ» አለች። ከዚያ የባሰውን ነገርኳት። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ፣ አጥንቴ ተበልቶ እንዲገኝ መጸለዬን። ለባላምባራስ የማሳየው ነገር እንዳላጣ።

ብድግ አለች። «እንዲህ ያለ ጸሎት ሁለተኛ እንዳትጸልይ። ስማኝ? ሥራው ይቅር።»

ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ስትናደድ እንዲያ ነው የምትዘጋው።

የካቲት 13 ቀን፣ አዲስ አበባ

ባቡሩ ሞቃት ነበር። ቢሾፍቱ ላይ ጉልበቴ ደርቆ አልታጠፍ አለ። ዲንቄ ሰው ሁሉ እያየ እግሬን አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ እንዲያው እንደ ሕፃን እግር። አንዲት ባልቴት ፊት ለፊታችን ተቀምጠው፣ «ባልሽ ምን ሆነ፣ ልጄ?» አሏት። «ሰነፍ ነው፣ እማማ፤ መራመድ አይወድም» አለቻቸው። አሮጊቷ እስከ አቃቂ ሲመክሩኝ መጡ።

ጣቢያው ላይ «የአዳማ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ሐዲስ ነው። ድምፁን ሰምቼ ግዙፍ ሰው ነበር የማስበው። ትከሻዬ አይደርስም። ተቃቅፈን ምን እንደምንባባል ጠፋን... ሽቦ ከሌለ ለካ እንተፋፈራለን።

የካቲት 14 ቀን

ጠዋት ጣቶቼ ድንጋይ ነበሩ። አሁን ያንሡኝ፣ አሁን ይዩኝ እያልኩ ቸኮልኩ። መብራት የሚሰጠው ሞተር አልነሣ አለ። ጠበቅን። ስምንት ሰዓት ሲሆን ሞተሩ ተነሣ፤ ያን ጊዜ ጣቶቼ ተፈትተው ነበር። እብጠቱም ጎድሏል። ጤነኛ መስዬ ልገባ ነው...

ዲንቄን አላስገቧትም። ክፍሉ ጨለማ። እጄን ጥቁር ሳጥን ላይ አጋደምኩ። ሐኪሙ በእጃቸው «አትነቃነቅ» አሉኝ። መሣሪያው ማጉረምረም ሲጀምር ልቤ ደነገጠ፣ እጄም ሊከተለው ሲል ከበሩ ውጭ ሰማሁ፦ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ...

አልተነቃነቅሁም። ጉልበቴንም እንዲሁ።

የካቲት 16 ቀን

ሐኪሙ ፎቶግራፉ ያለበትን መስተዋት ወደ መስኮቱ አንሥተው አሳዩን። እጄ። የእኔ እጅ፣ ሥጋው እንደ ጭስ ሆኖ። ጂብሪል እውነቱን ነው፣ ያስፈራል። ዲንቄ ግን ጠጋ ብላ፣ «ይሄ ሹሙ ነው... ይቺ አኩራፊዋ» አለች ቀስ ብላ።

ሐኪሙ ተናገሩ፤ አስተርጓሚው ወደ እኔ ዞረ። «አጥንትህ ደኅና ነው። የተሰበረ የለም፣ የተበላ የለም።»

ሌላ ሰው ቢሆን እግዚአብሔር ይመስገን ይላል። እኔ እንባዬ መጣ። አጥንትህ ደኅና ነው ተብሎ የሚያለቅስ ሰው አለ?

ዲንቄ ናት የጠየቀችው። «ታዲያ ለምን ያመዋል? ይጠይቁልኝ።»

ሐኪሙ ብዙ ተናገሩ። አስተርጓሚው ያለው ይህን ያህል ነው፦ መሣሪያው የሚያየው አጥንት ነው። ሕመሙ ግን አጥንት ከአጥንት የሚገናኝበት ቦታ ዙሪያ፣ ሥጋው ላይ ነው። አጥንቱን እስኪጎዳ ዓመታት ይፈጃል፤ እንዲህ ያለ ሕመም ደግሞ ጠዋት ይብሳል። መሣሪያው ስላላየው የለም ማለት አይደለም።

«ይድናል?»

«አይድንም። ግን ይያዛል።»

ነጭ ኪኒን ሰጡኝ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ምን እንደምናደርግ ጠየቁ። ዲንቄ ሙቅ ውሃውን፣ መዘርጋቱን፣ ቅቤውን በእጇ እያሳየች ነገረቻቸው። ሐኪሙ እጇን ይዘው መዳፏን አዩት። «ማን አስተማራት?» አሉ። «እሱው ነው» አለች ወደ እኔ እያመለከተች። «ሲያመው ፊቱን አያለሁ።»

የካቲት 19 ቀን

ለባላምባራስ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሐዲስ ወደ አማርኛ አስገልብጦልኝ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«አጥንቱ ደኅና ነው ይላል።»

«አዎ፣ ጌታዬ። ከታች ደግሞ...»

«ከታች ያለውን አይቼዋለሁ። የማይታይ በሽታ ነው ይላል።» ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። «እስከ ፋሲካ ብያለሁ።»

ቤት ስመጣ ዲንቄ ፊቴን አየች። ቅቤውን አወጣች።

መጋቢት 11 ቀን

ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ኪኒኑ ከሰዓት በኋላውን አቅልሎልኛል፤ ጠዋቱን ግን አልነካውም። ዛሬ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተንኳኳ። ሸሚዜ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ክንዴን ማስገባት አቅቶኝ። ሁለት እጄ ገበቴ ውስጥ ነው። ፊቴም እርጥብ ነበር... በውሃው ብቻ አይደለም። ዲንቄ የመጣው ጂብሪል መስሏት ከፈተች።

ባላምባራስ ናቸው። ሲሮጡ የመጡ።

እጄን አዩ። ጣቶቼ እንደ ጭራሮ ቆመዋል። ጉልበቴን አዩ። ልነሣ ስል ወደ ቀኝ ዘመምኩ፣ ዲንቄ ደገፈችኝ።

«ከሞጆ ይደወላል» አሉ በመጨረሻ። «ዘበኛው ነው፣ ሰንበታ የሚሉት። ኦሮምኛ ብቻ ነው የሚናገረው፣ እኔ አልሰማውም። ይጮኻል። አንተ ትሰማለህ ብዬ...»

ዲንቄ ነጠላዋን አነሣች። «እኔ ልሂድ?» አለች። የጠየቀችው እኔን ነው፣ እሳቸውን አይደለም።

«ሂጂ» አልኳት።

ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ ስልክ ቤት ስደርስ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሽማግሌውን ዘበኛ በአክብሮት «ኦቦ ሰንበታ» እያለች ታረጋጋለች። የሞጆው ስልከኛ ወድቆ ራሱን ስቷል፤ ታላቅ ወንድሙ እዚህ ገበያ አጠገብ ይኖራል። ጂብሪልን ልካ አስጠርታዋለች። ወንድምየው በጠዋቱ ዕቃ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ሞጆ ሄደ።

ማታ ላይ ባላምባራስ ጠሩኝ።

«ሁልጊዜ ጠዋት እንደዚያ ነህ?»

«አብዛኛውን ጊዜ፣ ጌታዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«ነግረኸኛል» አሉ።

መጋቢት 14 ቀን

የሞጆው ስልከኛ ነቅቷል። ሽማግሌው ሰንበታ ይህን ለማለት ብቻ ደወሉ። እኔን አልፈለጉም። «ሴትዮዋን አምጣ» አሉኝ።

ሚያዝያ 28 ቀን፣ የፋሲካ ማግስት

ዲንቄ እስከ አሁን ስልክ ቤት እየሄደች ነው። ማንም ሂጂ አላላትም፣ ማንም ቅሪም አላላትም። እሷ ጠዋት ትከፍታለች፣ እኔ ጣቶቼ ሲፈቱ እመጣለሁ። ከአርሲ በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች እሷ ስትኖር መደወል ነው የሚመርጡት። የሚጻፈውን እኔ እጽፋለሁ፤ ፊደል ገና አልቆጠረችም። «ሀ»ን እና «ለ»ን ጀምረናል። መዘውሩን ግን ከእኔ የተሻለ ታዞረዋለች።

ፋሲካ አለፈ። ባላምባራስ ስለ ሌላ ስልከኛ አላነሡም። እኔም አልጠየቅሁም። ፈራሁ...

ግንቦት 5 ቀን፣ ሰኞ

ዛሬ ክፉ ጠዋት ነበር። ቀደም ባለው ጊዜ ቢሆን ጥርሴን ነክሼ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ እገባ ነበር። ዛሬ እንዳበጠ ይዤው ገባሁ። አራት ሰዓት አልፏል።

ዲንቄ ከአዲስ አበባ ጋር ትነጋገራለች። ሐዲስ አንድ ነገር ብሏት ትስቃለች። ባላምባራስ መዝገቡ ላይ አቀርቅረዋል። አየሁት፤ ከስሜ በታች «ዲንቄ፣ እስከ ስድስት ሰዓት» ብለው በራሳቸው እጅ ጽፈዋል።

ቀና አሉ። ሰዓታቸውን አላወጡም።

«እጅህ እንዴት አደረ?»

በዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት ስሠራ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። «ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዛሬ ክፉ ነው፣ ጌታዬ» አልኩ።

«በል እንግዲህ ተቀመጥ።» ወንበሩን በእግራቸው ገፋ አደረጉልኝ።

ተቀመጥኩ።