አባዬ የበየደው ምድጃ

ጥቅምት 9

ዛሬ ስድስት ኮት፣ አሥራ አራት ሱሪ፣ አንድ የሙሽራ ቀሚስ ተኮስኩ። ላውንደሪው ውስጥ ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ስቀቀል ውዬ ቤት ስገባ ብርዱ በር ላይ ተቀበለኝ። አባዬ በሁለት ሹራብና በካፖርት አልጋው ላይ ተቀምጧል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም።

«ምድጃ ይኑረን» አለኝ። «የእንጨት ምድጃ፣ ከነጭስ ማውጫው።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ጥቅምት 11

አሁንም ምድጃ። ላሜራው ጓሮ ተቀምጧል፣ የብየዳ ማሽኑም አለ፣ ራሴ እሠራዋለሁ ይላል። ብየዳ ከተወ ስድስት ዓመቱ። ሳንባውን የበላውም እሱው ነው… አርባ ዓመት ጭሱን ስቦ ስቦ፣ አሁን ከአልጋው እስከ መስኮቱ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ያርፋል። የሳብከው ጭስ አይበቃህም ወይ? አልኩት።

«ምድጃ አጨሰ ማለት ሠሪው ዋሸ ማለት ነው። የኔ ምድጃ ሲያጨስ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ስንቱ ቤት የሱ ምድጃ አለ። እኛ ቤት ብቻ የለም።

ጥቅምት 15

ሐኪሟ ጋ ወሰድኩት። እሱን ልብሱን እስኪለብስ ትቼ ለብቻዋ ጠየቅኳት።

«ጭስ ጠላቱ ነው» አለች።

ብርዱስ?

«ብርዱም ጠላቱ ነው።»

ታዲያ ምን ይሻላል? እስክሪብቶዋን ከፈት ዘጋ አደረገች። ጭሱ ወደ ቤት የማይገባ ከሆነ ምናልባት… አንቺ ታውቂያለሽ፣ አለችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ? ልብስ ተኳሽ ነኝ።

ጥቅምት 19

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ገዝቼ ነበር። ሦስት ቀን ሠራ። ዛሬ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሶኬቱን ከነማሞቂያው አቃጠለው። ገመዱ የቤቱ እኩያ ነው።

ጥቅምት 20

ታናሽ ወንድሜ ደወለ። ካለበት ከተማ ሆኖ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። «እትዬ፣ ምድጃ የሚባል ነገር እንዳታስገቢ። ኋላ አንድ ነገር ቢሆን ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ።» እሺ፣ ወስደህ አንተ ጋ አሙቀው አልኩት። መስመሩ ጥሩ አይደለም ብሎ ዘጋው። የስልክ ላይ ጀግና።

ኅዳር 2

ከጠዋት ጀምሮ ሳል። ከንፈሩ ጠቆረ። ጣቶቹን በመዳፌ ይዤ ባሽ ባሽ አልሞቅ አሉኝ። እሺ፣ ሥራው አልኩት። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ… ብከለክለው በብርዱ ይሞትብኛል፣ ብፈቅድለት በጭሱ። የቱ ሞት ነው የኔ ጥፋት የማይሆነው?

ኅዳር 8

ጢሙን ተላጨ! ጓሮ ወንበር አውጥቶ፣ ብርድ ልብስ ትከሻው ላይ ጥሎ ይበይዳል። ትንሽ ሠርቶ ብዙ ያርፋል። ደጅ ስለሆነ ጭሱ አይጎዳውም ብዬ ራሴን አታለልኩ። ምሳውን ሳደርስለት ጭንብሉን ከፍ አድርጎ ከላይ እስከ ታች አየኝና «አንቺ ብረት ብትሆኚ ኖሮ ይሄን የጎበጠ ወገብሽን አቃናልሽ ነበር» አለ። ስንት ጊዜው ነው ቀልድ ከተናገረ? ደስ አለኝ። እውነት ደስ አለኝ።

ኅዳር 15

ጨረሰ። ቱቦውን እንዲገጥም የድሮ ረዳቱ ተጠራ። አሁን ረዳት አይደለም፣ የራሱ ብረታ ብረት ቤት ያለው ትልቅ ሰውዬ ነው፤ አባዬ ፊት ግን ዛሬም ኮፍያውን ያወልቃል። ምድጃውን ዞር ዞር ብሎ አየው። የብየዳውን መስመር በእጁ ሲከተል መሃል ላይ ቆም አለ።

«እጅዎ አልተለወጠም፣ ጋሼ» አለ።

ቱቦውን ለሌላ ቀን አቆየው። ስሸኘው በሩ ጋ መሬት መሬት እያየ፣ «እህቴ፣ እሳት ሳትለኩሺ በፊት ውስጡ መብራት አስገብተሽ እዪው» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ኅዳር 16

አባዬ ከምሳ በኋላ ሲተኛ የስልኬን መብራት አብርቼ ምድጃው ውስጥ ከተትኩ። በሩን ዘግቼ ከነምድጃው ብርድ ልብስ ተከናነብኩ። ወንፊት። ቆጠርኩት… አሥራ አንድ ቦታ ብርሃን ይወጣል። ጭሱም በዚያው መውጣቱ ነው፣ የሚተኛበት ክፍል ውስጥ።

ዓይኑ እንደከዳው አያውቅም። ልንገረው? ከሰውነቱ እምነት የሚጥልበት ነገር ያ እጁ ብቻ ነው የቀረው። እዚያው ብርድ ልብሱ ውስጥ አለቀስኩ።

ኅዳር 17

አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። ሆድ ይፍጀው።

ኅዳር 18

ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋሸሁት። ረዳትህ ቱቦውን እዚያው ሱቁ ይግጠመውና ያምጣው አልኩት።

«ለቱቦ ብሎ ምድጃ ተሸክሞ መዞር ምን የሚሉት ነው?» አለ። ግን ዝም ብሎ አስወሰደ።

ሰውዬውን ለብቻው ለመንኩት። ቀዳዳውን ድፈንልኝ፣ ግን ጎርበጥ ጎርበጥ ይበል፣ የሱ ይምሰል። እሺ አለኝ።

ኅዳር 21

ሰውዬው ምድጃውን አመጣ። አባዬ ተነሳ። ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ከላይ እስከ ታች በብየዳው ላይ ነዳው። ቀጥ ያለ፣ ልስልስ ያለ፣ እኔ የተኮስኩት ሱሪ ይመስላል። ጎርበጥ አድርገው ብዬው አልነበር?

«ይሄ የኔ እጅ ነው» አለ አባዬ።

ልቤ መለስ አለ።

«የዛሬ ሃያ ዓመቱ።»

ሰውዬው ኮፍያውን በእጁ ማዞር ጀመረ። እኔ የምይዘው ኮፍያ እንኳ የለኝም።

«ስንት ቀዳዳ ነበረው?»

ሰውዬው ወደ እኔ አየ።

«አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«አሥራ አንድ።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ሰዓት የነገሩት ያህል። ሄዶ ተኛ። አላረፈም፣ አንዴም ሳያርፍ ነው አልጋው የደረሰው።

ሰውዬውን በር ላይ ተቆጣሁት። «እጄ እምቢ አለኝ፣ እህቴ» አለ። «በጋሼ ብረት ላይ አበላሽቼ መበየድ አልቻልኩም። እሳቸው አይደሉ ያስተማሩኝ?»

ኅዳር 23

ጭንብሉን፣ ጓንቱን፣ ማሽኑን ለረዳቱ ሰጠ። ራሱ ጠርቶ ነው የሰጠው። ሰውዬው እምቢ ቢል «ውሰደው፣ እዚህ ዝጎ ይቀራል» አለው። ማሽኑን ሲያወጡት ወደ መስኮቱ እንኳ አልዞረም።

ኅዳር 26

እንግዲህ ምድጃው ይገጠም ወይስ ይቅር? ጠየቅኩት።

«እንደ ወደድሽ።»

አባዬ እንደ ወደድሽ ብሎኝ አያውቅም። የጫማዬ ክር አስተሳሰር ላይ እንኳ ሐሳብ የነበረው ሰው ነው። ምነው በተቆጣኝ። ምነው ይሄን ቆርቆሮ ከደጄ አንሺልኝ ባለኝ… አውጥቼ እጥለው ነበር። ግን ጠዋት ከንፈሩ እንደገና ጠቁሮ አየሁት።

ታኅሣሥ 1

ተገጠመ። ቱቦው ከመስኮቱ በላይ ግድግዳውን በስቶ ወጣ። አንዲት ክር ጭስ እንኳ ወደ ውስጥ የለም። እሳቱን ለኩስልኝ አልኩት። አንቺው ለኩሺው አለ።

ታኅሣሥ 14

ቤቱ ሞቋል። ካፖርቱን አውልቋል፣ ከንፈሩ ወደ መልኩ ተመልሷል። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ ብርዱን በጊዜ አሸነፍሽው ብላ አመሰገነችኝ። ወንድሜም ደውሎ «ምድጃ ያስፈልገዋል አላልኩሽም?» አለኝ፣ ያው እሱ።

ከሥራ ስገባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቶ ነው የማገኘው። እንጨት እጨምራለሁ። አጠገቡ እቀመጣለሁ። ሞቀህ አባዬ? ስለው ራሱን ነቅንቆ አዎ ይለኛል። በረደኝ ማለቱን ትቷል። ሌላውንም ሁሉ ማለት ትቷል።