ድንጋዩን የወጣችው መኪና

ነቀምቴ፣ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 1979



የሚሲዮኑ ዶክተር ትተውልኝ የሄዱት በሬድዮ የምትነዳ ትንሽ መኪና የግቢያችንን ድንጋይ ወጥታ አታውቅም። ሞላዎቿ ድርቅ ያሉ ስለሆኑ አንዱ ጎማ ከፍ ሲል መኪናዋ እንዳለች ትንጋደድና ትገለበጣለች። ዛሬ ለስላሳ የእስክሪብቶ ሞላ ቀየርኩላት። ከላይ የነበሩትን ባትሪዎችም ሆዷ ሥር አሰርኳቸው። ከድንጋዩ ሥር ሳላጠፋት አቁሜያት እጄን ልታጠብ ሄድኩ።

ባለቤቴ ሌሊሴ ጮኸች። "ያ ዋቅ! ገመቹ፣ መኪናህ ወጣችልህ!"

እውነትም ትወጣለች። ጎማዎቿ ተራ በተራ ድንጋዩን እየዳበሱ፣ እሷ ሳትናጋ አናቱ ላይ ደረሰች። በደስታ ላጨበጭብ ስል መቆጣጠሪያው ሳይበራ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አየሁ።

ክው አልኩ። ሬድዮ ጠጋኝ ነኝ፤ እኔ ካልነዳኋት ያንቀሳቀሳት የሌላ ማስተላለፊያ ሞገድ ነው፣ እዚሁ አጠገባችን በሬድዮ መልእክት የሚልክ ሰው አለ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ማስተላለፊያ ሬድዮ የተገኘበት ሰው ደግሞ ተመልሶ ቤቱ አይገባም። ሮጬ የባትሪውን ሽቦ ነቀልኩት።

ብዙም ሳይቆይ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ዝምተኛው መምህር ታደሰ ናቸው።

"ዛሬ መኪናዋን አልነዳሃትም?" አሉኝ ፈገግ ብለው። እሑድ እሑድ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ለምን እንደሆነ ገና ዛሬ ገባኝ፤ የሚልኩትን መልእክት መኪናዋ ትቀበል እንደሆነ ሊያውቁ ነው።

"ተበላሽታለች፣ ጋሼ።"

ዓይናቸው ድንጋዩ አናት ላይ የቆመችው መኪና ላይ ነበር። እዚያ ወጥታ እንደማታውቅ እሳቸውም ያውቃሉ።